ቀይ ባሕር በመስታወት ገንዳ፦ የንፋስና የጥልቅ ውሃ ሙከራ ማስታወሻ

መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ

የሳይንስ ክበባችን የዘንድሮ ሥራ ተወሰነ። ቀይ ባሕርን በመስታወት ገንዳ ውስጥ እንሠራለን። ከላይ ንፋስ እንለቅበታለን። ከዚያ ታች ያለው ውሃ ምን እንደሚሆን እናያለን።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። አምና ስለ ባሕር ስናወራ፣ ጥልቁ ውሃም ወቅት እየጠበቀ አካሄዱን እንደሚቀይር ነግሬያቸው ነበር። እሷ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ንፋሱ እኮ ታች ድረስ አይደርስም። ታዲያ ታች ያለውን ውሃ ማን ነካው?» አለች። ትልቅ ጥያቄ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ሥዕል ብቻ የሚመለስ አልመሰለኝም።

እኛ ያለነው ድሬዳዋ ነው። ጅቡቲ በባቡር የሰዓታት መንገድ ናት፤ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ እዚያ ዘመድ አላቸው። ቀይ ባሕርን የመረጥነው ግን ቅርባችን ስለሆነ ብቻ አይደለም። ወቅታዊ ንፋስ ጥልቅ ውሃን ሲያዝ ለማየት ከዚህ የተሻለ ባሕር ማግኘት ይከብዳል። ርዝመቱ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቋሚ ወንዝ አይገባበትም። ዝናብም የለውም ማለት ይቻላል። በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ ከላዩ ይተናል። በስዊዝ ቦይ የሚያልፈው ውሃ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ስለዚህ እውነተኛው በር አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያወጣው ጠባብ ሰርጥ፣ ባብ ኤል መንደብ። የባሕሩ አማካይ ጥልቀት 500 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያ በር ቢዘጋ በጥሬ ሂሳብ 250 ዓመት አካባቢ ነው የሚቆየው።

በሩ ደግሞ ደፍ አለው። በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ የባሕሩ ወለል ወደ ላይ ይነሳና ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ይሆናል። ከደፉ ወደ ውስጥ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለ። የሚገባውም የሚወጣውም ውሃ በዚህ ደፍ ላይ ማለፍ አለበት።

መስከረም መጨረሻ

ዛሬ ሙሉ ክፍለ ጊዜውን ለንፋሱ ሰጠነው። ካርታ ዘርግተን ቀስት ሣልን።

ሰሜኑ ቀላል ነው። ከስዊዝ እስከ ባሕሩ ወገብ ንፋሱ ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። ደቡቡ ግን ይገለበጣል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ ንፋሱ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ፣ በባብ ኤል መንደብ ገብቶ፣ ወደ ሰሜን ይነፍሳል። ሁለቱ ንፋሶች በ18 እና በ20 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ መካከል ይገናኛሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ የሰሜኑ ንፋስ ባሕሩን በሙሉ ይይዛል፤ በባብ ኤል መንደብ በኩልም ወደ ውጭ ይወጣል።

ተማሪዎቹ ቶሎ ያዙት። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ ንፋሱ ወደ ውጭ ነው። እኛ ጋ በጋ ሲሆን ወደ ውስጥ ነው። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲመላለስ፣ ለእኛ ክረምቱን ያመጣል፤ ለቀይ ባሕር ንፋሱን ይገለብጣል።

የታሪክ መምህሩ ሲያልፍ ካርታውን አይቶ ገባ። ከግብፅ ወደ ሕንድ የሚሄዱ የጥንት መርከቦች በሐምሌ ገደማ ተነስተው ወደ ደቡብ በሚነፍሰው ንፋስ ይወርዱ እንደነበር ነገራቸው። የሚመለሱት ንፋሱ ሲዞር ነው። የአክሱም ወደብ የነበረችው አዱሊስም በዚሁ የንፋስ ቀን መቁጠሪያ ትሠራ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። ልጆቹ ካርታው ላይ የሣሉትን ቀስት ሰው ሕይወቱን የጣለበት ነገር መሆኑን አዩ።

ጥቅምት መጀመሪያ

ገንዳው ታዘዘ። 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ወርድ፣ 35 ከፍታ። የመስታወቱ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ነው። የመስታወት ሠራተኛው ልኩን አይቶ «መምህር፣ ይሄ ለዓሣ አይሆንም፤ ጠባብ ነው» አሉኝ። ለባሕር ነው አልኳቸው። ሥራው ሲገባቸው የራሳቸውን ሐሳብ አመጡ። ረጅም መስታወት ውሃ ሲሞላ ወደ ውጭ ይቆለመማልና ከላይ ሁለት ማገሮች እናግባ አሉ። ጥሩ ምክር ነበር። ማገሮቹ ግን ንፋሱን እንዳያግዱ ጫፍ ላይ አደረግናቸው፤ ውሃውን ከ25 ሴንቲ ሜትር አናሳልፍም።

ደፉ ከሁለት ዘንበል ያሉ መስታወቶች በሲሊኮን ተሠራ። ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ከግራ 95 ሴንቲ ሜትር ላይ ተተከለ። ከደፉ ግራ ያለው ቀይ ባሕር፣ ቀኝ ያለው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ግራ ሰሜን መሆኑን ሁሉም በቃሉ ያዘ።

ስለ ልኩ ተማሪዎቹን አስጠነቅቄያለሁ። 2,000 ኪሎ ሜትሩን በ95 ሴንቲ ሜትር ካሳጠርን፣ የ137 ሜትሩ ደፍ ጥልቀት ከ0.07 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። ከአንድ ወረቀት ውፍረት ያንሳል ማለት ነው። ባሕር በጣም ረጅምና በጣም ስስ ነገር ነው። የእኛ ገንዳ ቁመቱን ሆን ብሎ አጋንኗል። አለዚያ የሚታይ ነገር አይኖርም።

ጥቅምት አጋማሽ

ጨው መጣ። የጅቡቲን መንገድ የሚሠራ አንድ ከባድ መኪና ሾፌር ከአሳል ሐይቅ ጨው ግማሽ ጆንያ አመጣልን። ለሙከራው ማንኛውም ጨው ይበቃ ነበር። እኔ ግን ይሄን ፈለግሁ። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው። ውሃ የሚያገኘው ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጥግ፣ ከጉቤት፣ በመሬት ሥር እየሰረገ ከሚመጣ የባሕር ውሃ ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ በገንዳችን ውስጥ የሚሟሟው ጨው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የመጣ ነው። አፋሮች ለዘመናት በግመል ወደ ደጋ ያወጡት የነበረውም ይሄንኑ ነው።

ከቀፊራ ገበያ የምግብ ቀለምና ሰፍነግ ተገዛ። ከትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ወሰድን። አንዲት ቅንጣት ፐርማንጋኔት ውሃ ውስጥ ስትጣል እየሟሟች ትወርዳለች፤ ከኋላዋ ቀጥ ያለ ሐምራዊ ክር ትተዋለች። ውሃው ሲንቀሳቀስ ክሩ ይታጠፋል። ውድ መሣሪያ ሳይገዙ በየጥልቀቱ ያለውን ፍሰት ለማየት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ያለ ንፋስ

መጀመሪያ ያለ ንፋስ። ደፉ ላይ የሚነሳ መስታወት እንደ መዝጊያ አቆምን። ግራውን በሊትር 60 ግራም ጨው ባለው ቀይ ውሃ ሞላነው። ቀኙን በቧንቧ ውሃ። መዝጊያው ቀስ ተብሎ ተነሳ።

ቀዩ ውሃ በደፉ ላይ ተንሸራቶ ወደ ቀኝ ወረደ። ንጹሑ በላዩ ወደ ግራ ገባ። ሁለት ፍሰት፣ በአንድ በር፣ በአንድ ጊዜ። የፐርማንጋኔቱ ክር ላዩ ወደ ግራ፣ ታቹ ወደ ቀኝ ሄደ። ልጆቹ ጮኹ። እኔም ብዙ ጊዜ በወረቀት ያየሁትን በዓይኔ ሳየው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ይሄን ሙከራ መጀመሪያ ያደረገው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ ነው። በ1679 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ ሄዶ ቦስፎር የሚባለውን ጠባብ የባሕር ሰርጥ አጠና። ላዩ ከጥቁር ባሕር ወደ ሜዲትራንያን ይፈስሳል። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ግን ከታች በተቃራኒው የሚሄድ ውሃ እንዳለ ያውቁ ነበር። ማርሲሊ ክብደት ያሰረበትን ገመድ አውርዶ አረጋገጠ። ከዚያ በመካከሉ ግድግዳ ያለው፣ ከላይና ከታች ቀዳዳ የተበጀለት ሳጥን ሠርቶ፣ ምክንያቱ የውሃው ክብደት ልዩነት መሆኑን አሳየ። በዚያ ዘመን ከሳጥንና ከጨው በቀር ምንም አልነበረውም። እኛም ብዙ የተለየ ነገር የለንም፤ ይሄ ለልጆቹ ትልቅ ተስፋ ነው።

ቀይ ባሕር የቦስፎር ተቃራኒ ነው። በቦስፎር ወንዝ የበዛበት ባሕር ቀላል ውሃውን በላይ ያስወጣል። በባብ ኤል መንደብ ትነት የበዛበት ባሕር ከባድ ውሃውን በታች ያስወጣል። የሚገባው ውሃ በኪሎ ግራም ከ36 እስከ 37 ግራም ገደማ ጨው አለው። የሚወጣው 40 ይደርሳል።

መዝጊያውን አንስተን ስንተወው ግን ሁሉም ነገር ይረጋጋል፣ ፍሰቱ ይቆማል። ትነትን የሚተካ ነገር ያስፈልገናል። በግሉኮስ መስጫ ቱቦ ከግራ ጫፍ ጨዋማ ውሃ ጠብ ጠብ እንዲል አደረግን፤ ከቀኝ ታች ደግሞ በቀጭን ጎማ ያንኑ ያህል እናወጣለን። አሁን ፍሰቱ አይቆምም።

ኅዳር አጋማሽ፦ ንፋሱ አልያዘም

የጠረጴዛ ቬንትሌተር ተገጠመ። በቀጥታ ሲነፍስ ትንንሽ ማዕበል ያነሳና ሁለቱን ውሃ ያደባልቃል። ስለዚህ ገንዳውን ከላይ በካርቶን ከደንነው። ንፋሱ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ በካርቶኑ ሥር እንዲያልፍ፣ ቬንትሌተሩም በዝቅተኛው ፍጥነት እንዲሆን። ማዕበሉ ጠፋ።

ግን ሌላ ችግር መጣ። ላዩ ላይ የበተንነው የእንጨት ብናኝ ጥቂት ይሄድና ይቆማል። ከገንዳው ግማሽ በላይ ንፋሱ እየነፈሰ ውሃው አይንቀሳቀስም። ብዙ ተከራከርን። አንዱ ካርቶኑ ንፋሱን ይበላዋል አለ። በሻማ ፈተንነው፤ ንፋሱ እስከ መጨረሻው ይደርሳል።

ምክንያቱ ስስ ሽፋን ነው። ከእጅ፣ ከአቧራ፣ ከሲሊኮኑ የሚወጣ ቅባት ውሃው ላይ ይሰበሰባል። ንፋሱ ይሄን ሽፋን ወደ አንድ ጫፍ ገፍቶ ይጠቀጥቀዋል። የተጠቀጠቀው ሽፋን ይደነድንና ከሥሩ ያለውን ውሃ ከንፋሱ ይጋርደዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው። የጋዜጣ ወረቀት ውሃው ላይ አንጥፎ ቀስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጎተት። ወረቀቱ ሽፋኑን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ብናኙ ያለማቋረጥ ሄደ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ገጹን በጋዜጣ ማጽዳት ደንባችን ሆነ። ይሄን ገንዳ መሥራት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ከሁሉ በፊት የምነግረው ይሄን ነው።

ኅዳር መጨረሻ፦ የበጋው ንፋስ

ንፋስ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከኤደን ወደ ቀይ ባሕር። የጥቅምት–ግንቦቱ ማለት ነው።

የላዩ ፍሰት ፈጠነ፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ልጆቹን ያስገረማቸው የታቹ ነው። በደፉ ላይ የሚወጣው ቀይ ውሃ ወፈረ፣ ፈጠነም። ንፋሱ የሚነካው ላዩን ብቻ ነው። የወፈረው ግን ከንፋሱ 9 ሴንቲ ሜትር በታች፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄደው ውሃ ነው።

ቁጭ ብለን በሂሳብ አየነው። ንፋሱ የላዩን ውሃ ወደ ግራ ሲገፋ፣ ግራ ጫፍ ያለው ውሃ በትንሹ ከፍ ይላል። በዓይን አይታይም። ነገር ግን ከፍ ያለው ውሃ ጭነት ከሥሩ ባለው ውሃ ሁሉ ላይ ያርፋል፤ እስከ ወለሉ ድረስ። ታች ያለው ውሃ ያ ተጨማሪ ግፊት ይሰማዋል፤ ግፊቱ ወደሚቀንስበት ወደ ቀኝ፣ በደፉ ላይ አልፎ ይወጣል። ንፋሱ ታች መድረስ አያስፈልገውም። ገጹን ካዘነበለ በቂው ነው።

በእውነተኛው ባሕርም እንዲሁ ነው። የቀይ ባሕር የውሃ ከፍታ በበጋችንና በክረምታችን መካከል ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይለያያል። ከፍ የሚለው በጥር አካባቢ ነው። ዝቅ የሚለው በነሐሴና በመስከረም ነው። በዚያን ጊዜ በአንዳንድ ዳርቻ የኮራል ድንጋዩ አናት ከውሃ በላይ ይጋለጣል።

በ1995 እና በ1996 እ.ኤ.አ. ሰርጡ ውስጥ የፍሰት መለኪያዎች በመልሕቅ ታስረው ነበር። ስቲቨን መሬይና ዊልያም ጆንስ በ1997 ያወጡትን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ከታች የሚወጣው ጨዋማ ውሃ በየካቲት አካባቢ በሰከንድ ወደ 700,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በነሐሴ ወደ 50,000 ይወርዳል። የዓመቱ አማካይ 360,000 ገደማ ነው። ዓባይ ከአገራችን ሲወጣ በዓመት አማካይ በሰከንድ 1,500 ሜትር ኩብ ያህል እንደሆነ ለልጆቹ አስታወስኳቸው። ማካፈሉን ለእነሱ ተውኩት።

ትነቱንም አሰላነው። በዓመት 2 ሜትር ከ450,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገጽ ላይ ሲተን፣ በሰከንድ ወደ 28,000 ሜትር ኩብ ነው። በበሩ የሚመላለሰው ውሃ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ሞተሩ ትነቱ ነው። መቼ በርትቶ መቼ እንደሚለግም የሚወስነው ግን ንፋሱ ነው።

ታኅሣሥ፦ የክረምቱ ንፋስ

ከሁሉ የጓጓሁለት ሙከራ ይሄ ነው። ዝግጅቱም ረጅም ነበር።

በቀኙ በኩል ሁለት ዓይነት ውሃ ያስፈልጋል። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ላዩ ሞቃት ነው፤ ከሥሩ ቀዝቃዛና ከበድ ያለ ውሃ አለ። ለቀዝቃዛው ውሃ በሊትር 20 ግራም ጨውና ሰማያዊ ቀለም ተጠቀምን። የላዩን ንጹሕ ውሃ በተንሳፋፊ ሰፍነግ ላይ እያንጠባጠብን ሞላን፤ ሰፍነጉ ጠብታውን ስለሚያበርድ ሁለቱ አይደባለቁም። የሰማያዊውን ውሃ የላይኛ ገጽ ከደፉ አናት 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረግነው። ንፋስ ከሌለ ደፉን መሻገር አይችልም። ግራው እንደ ቀድሞው ቀይ ነው።

በመሃል መብራት ሄደ። ግሉኮሱ ግን መብራት አይፈልግም። የቀዩ ውሃ ፍሰት ሳይቋረጥ ጠበቅን። መብራት ሲመጣ ቬንትሌተሩን ዞር አደረግነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀይ ባሕር ወደ ኤደን።

መጀመሪያ የላዩ ንጹሕ ውሃ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ። ቀጥሎ የቀዩ ውሃ ፍሰት ሳሳ። ደፉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ብቻ ቀረ። ከደፉ ቀኝ ደግሞ የሰማያዊው የላይኛ ገጽ ቀስ እያለ ተነሳ። ልጆቹ በማስመሪያ ይከታተሉታል። ደፉን አለፈ። ከዚያ ሰማያዊው ውሃ በደፉ ላይ፣ ከላይ በንጹሑ ከታች በቀዩ መካከል ሾልኮ፣ ወደ ቀይ ባሕር ገባ።

ፐርማንጋኔት ተጣለ። ክሩ ላዩ ወደ ቀኝ፣ ወገቡ ወደ ግራ፣ ታቹ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሦስት ፍሰት በአንድ በር።

በባሕሩም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚሆነው ይሄ ነው። ላዩ ይወጣል። ከታች ያለው ጨዋማ ውሃ በቀጭኑ ይወጣል። በመካከል የኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል። ይሄ ውሃ ናይትሬትና ፎስፌት የበዛበት ነው። ቀይ ባሕር ከወንዝ ማዳበሪያ የማያገኝ ድሃ ባሕር ስለሆነ፣ ለደቡቡ ክፍል ይሄ ትልቅ ቀለብ ነው። የንፋሱ መዞር ማለት የዓሣ ምግብ መግባት ማለት ነው።

የሰማያዊው ገጽ ያን ያህል የተነሳበትን ምክንያት ደግሞ እንዲህ አስረዳኋቸው። ሁለት ውሃዎች የሚገናኙበት ድንበር ከላዩ ገጽ እጅግ የበለጠ ይዘነበላል። የእፍግታ ልዩነቱ 4 በመቶ ከሆነ፣ ላይ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት መካከል ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። የእኛ ሰማያዊ ውሃ ከንጹሑ የሚበልጠው በ1.4 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከዚያም በላይ ይነሳል። በባሕር ውስጥ ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። ለዚህ ነው በገጹ ላይ የማይታይ ነገር ከሥር በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር እንቅስቃሴ የሚያመጣው።

ገንዳው የማያሳየው ነገርም አለ። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በቀጥታ በመገፋት ብቻ አይደለም። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው የክረምት ንፋስ ባሕረ ሰላጤውን ተከትሎ ሲነፍስ፣ የምድር መሽከርከር የላዩን ውሃ ከንፋሱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ ያርቀዋል። በተራራቀው ውሃ ቦታ ከሥር ቀዝቃዛው ይነሳል። የእኛ ገንዳ አይሽከረከርም።

ታኅሣሥ መጨረሻ

የወጣው ቀይ ውሃ የት ሄደ? ዛሬ በቀኙ በኩል እሱን ተከተልነው። ደፉን አልፎ ተዳፋቱን ይወርድና፣ ሲወርድ ከጎረቤቱ ውሃ ጋር እየተደባለቀ ይቀጥናል። በባሕሩ ከ400 እስከ 800 ሜትር ጥልቀት ላይ ክብደቱን የሚመጥን ንብርብር ያገኝና እዚያው ተንሳፍፎ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይዘረጋል። ዱካው በሞዛምቢክ ሰርጥ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ተገኝቷል።

ጥር፦ ሰሜኑ

እስካሁን የሠራነው በሩን ነው። ከደፉ በታች፣ በግራ ወለል ላይ የተኛው ውሃ ግን አልተነካም። ቀዩ ውሃ እዚያ ተኝቶ ንፋስ ቢነፍስ ባይነፍስ አይነሳም። ይሄን የሚያድሰው ከእሱ የከበደ ውሃ ብቻ ነው። የከበደ ውሃ የሚሠራው በሰሜን ነው፤ እዚያ ንፋሱ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። አይገፋም፤ ያተናል፣ ያቀዘቅዛል።

ገንዳውን አጥበን በአንድ ዓይነት ጨዋማ ውሃ ሞላነው። ላይና ታች ቴርሞሜትር ሰቀልን። የጥር የድሬ አየር ደረቅ ነው። ቬንትሌተሩን ግራ ጫፍ ላይ ብቻ አደረግነው። ላዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ26 ዲግሪ ወደ 23 ወረደ። በረዶ አልጨመርንም። የእንስራ ውሃ በምን ይቀዘቅዛል ብዬ ጠየቅኳቸው፤ መልሱን አያቶቻቸው ቤት አግኝተውታል። ላዩ ላይ ቀለም ጣል ስናደርግ፣ ቀለሙ በቀጫጭን ክሮች እየወረደ ወለሉ ላይ ተኛ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ።

በበጋችን ወራት ደረቅ ቀዝቃዛ ንፋስ በሰሜኑ ቀይ ባሕርና በአቃባና በስዊዝ ባሕረ ሰላጤዎች ላይ ይነፍሳል። ከዓረብ ተራሮች ክፍተት የሚወጣ ንፋስም ይታከልበታል። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ይጨዋል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ውጤቱ የትም ቢሆን የማይገኝ ነገር ነው። በሌሎች ውቅያኖሶች 2,000 ሜትር ላይ ያለው ውሃ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በቀይ ባሕር ግን 21.5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በኪሎ ግራም 40.6 ግራም ጨው አለው። ከበሩ ደፍ በታች ስለሆነ የሕንድ ውቅያኖስ ቅዝቃዜ አይደርስበትም። የራሱ የብርድ ወቅት ብቻ ነው የሚሠራው።

በሰኔ 1991 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንስ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በዚያ የተነሳ ቀጣዩ የብርድ ወቅት በአካባቢው ከወትሮው በጣም የቀዘቀዘ ሆነ። በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ውሃው ከላይ ጀምሮ ከ850 ሜትር በላይ ጥልቀት ድረስ ተገላበጠ። ከጥልቁ የወጣው ንጥረ ነገር አልጌ አበዛ፤ አልጌው ኮራሉን ሸፍኖ ብዙ ገደለ። በሳዑዲ ዓረቢያ ቱዋል ያለው የንጉሥ አብዱላህ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የ1982ቱ ኤል ቺቾንና የፒናቱቦ ፍንዳታዎች የቀይ ባሕርን ጥልቅ ውሃ በፍጥነት እንዳደሱት አሳይተዋል። ያ ጥልቅ ውሃ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚተኛ ተደርጎ ይታሰብ ነበር።

ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ የጠየቁት ቀጥተኛ ነው። የብርዱ ወቅት እየሞቀ ከሄደስ? ከባድ ውሃ ካልተሠራ የታቹ አይታደስም፤ ካልታደሰ ኦክስጅን አያገኝም። ይሄ የምር የሚያሳስብ ነገር ነው። ቀይ ባሕር ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞቅ ትንሽ ባሕር ነው፤ በሁለቱም ዳር ከእሱ የሚኖር ብዙ ሕዝብ አለ።

የካቲት

ሦስቱን ሙከራዎች ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል አሳየን። የሚያስረዱት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔ ጨው ነው የማሟሟው። የክረምቱ ንፋስ ሙከራ ከሁሉ ይወደዳል፤ ሰማያዊው ደፉን ሲሻገር ሁሌ ይጨበጨባል።

አሁን የሚቀረን መሽከርከሩ ነው። ረጅሙን ገንዳ ማሽከርከር አይታሰብም። ክብ ገንዳ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በጠረጴዛ ላይ፣ በዝግታ የሚዞር። ከአንድ ጋራዥ ያገለገለ የጎማ ኩሽኔታ በነፃ አግኝተናል፤ ታጥቦ ግራሶ ተቀብቶ ተቀምጧል። ሞተሩን ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እናወጣለን። ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ ሁለትና ሦስት ዙር የሚያወርድ ቀበቶና ፑሊ እየፈለግን ነው። ከፋሲካ በፊት ከተገኘ፣ ንፋስ ከዳርቻ ጋር ትይዩ ሲነፍስ ቀዝቃዛው ውሃ በየት በኩል እንደሚነሳ ዘንድሮ ልናይ እንችላለን።